መኪና ያለው፣ ጭነት የሌለው፦ በጥቂት ልምድ ባለንብረት አሽከርካሪ መሆን በአሜሪካ

(ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፋኩልቲው መድረክ ከቀረበ ንግግር የተገለበጠ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)



በሕግና በምጣኔ ሀብት መድረክ ላይ ስለ ከባድ መኪና መናገር ጥቂት ግር ሊያሰኝ እንደሚችል አውቃለሁ። ሆኖም በዚህ አዳራሽ ውስጥ በአሜሪካ አውራ ጎዳና ላይ መሪ የጨበጠ ወንድም፣ የአጎት ልጅ ወይም የሰፈር ጓደኛ የሌለው ሰው ብዙ አይመስለኝም። ከአገራችን ወደዚያ ከሄዱት ብዙዎች ቀደም ሲል በታክሲ ሥራ ኑሯቸውን መሠረቱ፤ በኋላ ደግሞ ከመካከላቸው ብዙዎቹ ፊታቸውን ወደ ጭነት አዞሩ። ዛሬ በስልክ ከወዲያ የምንሰማው ወሬ «ሲዲኤል አወጣሁ» በሚለው ይጀምርና ብዙም ሳይቆይ «የራሴን ትራክ ልገዛ ነው» ወደሚለው ይሻገራል። በሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች መካከል አንዳንድ ጊዜ የሚያልፈው ስድስት ወር ብቻ ነው።

የዛሬው ንግግሬ በእነዚያ ስድስት ወራት ላይ ያተኩራል። ልምዱ ገና ያልጠና ሰው መኪና ገዝቶ «ባለንብረት» ሲባል በእርግጥ የምን ባለቤት ሆነ? ጥያቄው የአሽከርካሪውን ኪስ ይነካል፤ የንብረት ሕግን፣ የሥራ ሕግንና የገበያን አሠራርም አብሮ ይነካል። ስለዚህ ለእናንተ የሚገባ ጥያቄ ነው ብዬ አምናለሁ።

በአንድ የገበሬ ጉዳይ ልጀምር። በሬ ያለው ሁሉ እርሻ አለው ማለት እንዳልሆነ ከገጠር የመጣ ሁሉ ያውቃል። አንድ በሬ ያለው ሰው ጎረቤቱን ፈልጎ ይቀናጃል። ጥንድ በሬ ኖሮት መሬት የሌለው ደግሞ በሰው መሬት ላይ አርሶ ከምርቱ እኩል ወይም ሲሶ ያካፍላል። በሬው የእርሱ ነው፤ ሲታመምም ሲሞትም ጉዳቱ የእርሱ ነው። ምን እንደሚዘራና ምርቱ እንዴት እንደሚከፈል የሚወስነው ግን ባለመሬቱ ነው። የአሜሪካን የጭነት ሥራ ለመረዳት ከዚህ የተሻለ መንደርደሪያ አላገኘሁም።

በዚያ ሥራ ውስጥ አራት ነገሮች አሉ፤ ከውጭ ለሚያይ ሰው አንድ ይመስላሉ፣ በሕግ ግን የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው መንጃ ፈቃዱ ነው፤ የሰውየው ችሎታ ማስረጃ ነው። ሁለተኛው መኪናው ነው። ሦስተኛው በፌዴራል መንግሥት የሚሰጠው የማጓጓዝ ሥልጣን ነው፤ ይህም የሌላውን ሰው ዕቃ በዋጋ ተቀብሎ ከክፍለ ግዛት ወደ ክፍለ ግዛት ለማጓጓዝ የሚያበቃ ፈቃድ ሲሆን በነጂዎች ቋንቋ «ኤምሲ» ይባላል። አራተኛው ራሱ ጭነቱ ነው፤ ማለትም ከዕቃው ላኪ ጋር ያለው ግንኙነትና ዋጋ የመደራደር አቅም። አዲሱ ባለንብረት አብዛኛውን ጊዜ የሚገዛው ሁለተኛውን ነው። ቀሪዎቹ ሁለቱ በሌላ ሰው እጅ ይቆያሉ።

ይህ መለያየት ከየት መጣ ብትሉ ታሪክ አለው። አሜሪካ በ1935 ባወጣችው የሞተር አጓጓዦች ሕግ የጭነት መኪና ሥራን ኢንተርስቴት ኮሜርስ ኮሚሽን ለሚባለው፣ ቀድሞ የባቡርን ሥራ ይቆጣጠር ለነበረው አካል አስረከበች። ከዚያ በኋላ ማን በየትኛው መንገድ ምን ዕቃ እንደሚጭን ኮሚሽኑ ይወስን ጀመር። የማጓጓዝ ፈቃድ በቁጥር የተወሰነ ስለነበር ራሱ ውድ ንብረት ሆነ፤ ይሸጥ ይለወጥ ነበር። መኪና ኖሮት ፈቃድ የሌለው ሰው ከቁጥጥሩ ነፃ የሆኑትን ያልተቀነባበሩ የእርሻ ውጤቶች ይጭናል፤ አለዚያም መኪናውን ፈቃድ ላለው ድርጅት አከራይቶ በድርጅቱ ስም ይነዳል። ባለበሬውና ባለመሬቱ ማለት ይህ ነው። በ1973 የነዳጅ ዋጋ በድንገት ሲንር እነዚህ ባለንብረት አሽከርካሪዎች አውራ ጎዳና ዘግተው እስከመቆም የደረሱት ለዚህ ነው፤ የናፍጣው ዋጋ በእነርሱ ላይ ሲወድቅ የጭነቱን ዋጋ የመጨመር ሥልጣን ግን አልነበራቸውም። እስከ ዛሬ ድረስ የሚሟገትላቸው የባለንብረት አሽከርካሪዎች ማኅበር የተመሠረተውም በዚያው ዓመት ነው።

በ1980 ፕሬዚዳንት ካርተር የፈረሙት ሕግ የፈቃዱን በር ወለል አድርጎ ከፈተው። ዛሬ የማጓጓዝ ሥልጣን ለማግኘት የማመልከቻው ክፍያ 300 ዶላር ብቻ ነው። በሩ ለሁሉም ሲከፈት የፈቃዱ ዋጋ ወረደ፤ አብሮትም የጭነት ዋጋ ወረደ። የሠራተኛ ገበያ ተመራማሪው ማይክል ቤልዘር በ2000 ባሳተሙት መጽሐፍ ከዚህ ሕግ በኋላ የአሽከርካሪው ገቢና የሥራ ሁኔታ እንዴት እንዳሽቆለቆለ አሳይተዋል። የሕጉ ደጋፊዎች በበኩላቸው ለሸማቹ የማጓጓዣ ዋጋ መርከሱን ያነሳሉ። ሁለቱም እውነት ነው፤ ርካሽ የሆነው ነገር የማን ድካም እንደሆነ ግን መጠየቅ ተገቢ ነው።

አሁን ወደ ልምድ ልምጣ። በአገራችን የከባድ መኪና ሥራ የሚለመደው በረዳትነት ነበር። ረዳቱ ጎማ ይፈታል፣ ሸራ ይወጥራል፣ ሌሊት ዕቃ ይጠብቃል፤ በዓመታት ውስጥ ግን መንገዱን፣ የሞተሩን ድምፅና ከነጋዴ ጋር የሚደረገውን ክርክር ያውቃል። ዘዴው ብዙ በደል ነበረበት፤ ቢሆንም መሪ የሚጨብጠው ሰው ሥራውን ከነነገረ ሥራው ያውቀዋል። በአሜሪካ ያለው ሥልጠና ግን የሚቆጠረው በሳምንታት ነው። ከየካቲት 2022 ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቃድ የሚያወጣ ሰው በተመዘገበ ተቋም መሠልጠን ግዴታው ነው፤ የፌዴራሉ ደንብ ግን ሠልጣኙ በመኪናው ላይ ስንት ሰዓት መቀመጥ እንዳለበት ዝቅተኛ ልክ አላስቀመጠም፤ ብቁ መሆኑን አሠልጣኙ እንዲያረጋግጥ ትቶታል። ፈተናው አንድን ሰው በሰላም መንዳት መቻሉን ይመዝናል። በበረዶ ላይ 80 ሺህ ፓውንድ ይዞ ቁልቁለት መውረድን፣ ደላላው የሰጠው ዋጋ ለወጪ የማይበቃ መሆኑን በአንድ ደቂቃ ውስጥ አስልቶ «አይሆንም» ማለትን አይመዝንም። ባለንብረትን የሚያከስረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ይኸኛው ነው።

የልምድ ማነስ በገበያው ውስጥ ዋጋ የሚቆረጥለት በመድን በኩል ነው። ፌዴራሉ መንግሥት ተራ ጭነት የሚያጓጉዝ ሰው በሦስተኛ ወገን ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ቢያንስ የ750 ሺህ ዶላር ዋስትና እንዲኖረው ያዛል፤ በተግባር ደላሎች የ1 ሚሊዮን ዶላር ዋስትና ካላዩ ጭነት አይሰጡም። መድን ሰጪው በበኩሉ የሚያየው የነጂውን የመንጃ ፈቃድ ዕድሜ ነው። ፈቃዱ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሰው በራሱ ስም ድርጅት ሲከፍት ብዙ መድን ሰጪዎች አይቀበሉትም፤ የሚቀበሉትም ዓረቦኑን ያንሩበታል። ሕጉ በሩን ከፍቷል፤ መድን ሰጪው ግን ደጃፉ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። እንደ እኔ አስተያየት የ1980ው ሕግ ያስወገደው የመግቢያ ቁጥጥር አልጠፋም፤ ከመንግሥት ቢሮ ወደ መድን ሰጪው ጠረጴዛ ተዛወረ እንጂ።

ዓረቦኑን ችሎ የራሱን ሥልጣን ያወጣ ሰው የሚጠብቀውን የወረቀት ሥራ በአጭሩ ላልፈው፦ በየክፍለ ግዛቱ የፍርድ ቤት መጥሪያ የሚቀበልለት ወኪል፣ የነዳጅ ግብር ሰነድ፣ የሰሌዳ ምዝገባ፣ የመድኃኒትና የአልኮል ምርመራ፣ የከባድ ተሽከርካሪ ዓመታዊ ግብር። አዲስ አጓጓዥ 18 ወር በልዩ ክትትል ሥር ይቆያል፤ በመጀመሪያዎቹ 12 ወራት ውስጥም ሰነዶቹ ይመረመራሉ። ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ጉዳይ ብዙ ደላሎች ሥልጣኑ ጥቂት ወራት ላልቆየ ድርጅት ጭነት ለመስጠት የሚያመነቱ መሆናቸው ነው። ስለዚህ አዲሱ ሰው የመኪናውና የመድኑ ክፍያ ከመጀመሪያው ቀን ሲቆጥርበት ጥሩው ጭነት ግን ዘግይቶ ይደርስለታል።

ይህን ሸክም ያልቻለ ሰው መኪናውን ይዞ በሌላ ድርጅት ሥልጣን ሥር ይገባል። በእኛ ሰዎች ዘንድ ድርጅቱ አብዛኛውን ጊዜ የወገን ነው፦ ቀድሞ የሄደ፣ በሥሩ አሥር አሥራ አምስት መኪና የሰበሰበ ሰው። ድርጅቱ መድኑን ይሸፍናል፣ ጭነት ያፈላልጋል፣ ከገቢው የመቶኛ ድርሻ ያስቀራል። በእኔ ግምት ለጀማሪ ባለንብረት ከሁሉ ያነሰ አደጋ ያለበት መንገድ ይህ ነው፤ ነገር ግን አንድ ትልቅ ድክመት አለበት። ዝምድናው ውሉን ይተካዋል። «ወንድሜ ነው» ተብሎ ወረቀት አይጻፍም፤ ወይም ተጽፎ አይነበብም።

የሕግ ተማሪዎች እዚህ ላይ ጆሯችሁን እንድትሰጡኝ እለምናለሁ። የፌዴራል ደንብ ቁጥር 376፣ በተለምዶ «በኪራይ ውል ውስጥ እውነትን መናገር» ሊባል የሚችለው ደንብ፣ መኪናውን ላከራየው ሰው ጠንካራ መብቶች ይሰጠዋል። ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት። አሽከርካሪው አስፈላጊውን ሰነድ ባስረከበ በ15 ቀን ውስጥ ሊከፈለው ይገባል። ክፍያው የገቢው መቶኛ ከሆነ ድርጅቱ ላኪውን ያስከፈለበትን ሰነድ ግልባጭ የማግኘት መብት አለው። በመያዣ የተቀመጠ ገንዘብ ካለ ሒሳቡ ይነገረዋል፤ ውሉ ካበቃ በ45 ቀን ውስጥም ተቀናናሹ ታስቦ ይመለስለታል። ነዳጅም ሆነ ጎማ ከድርጅቱ ብቻ እንዲገዛ ሊገደድ አይችልም። መቶኛ የሚከፈለው ሰው ያን ግልባጭ ካላየ ሰማንያ አምስት በመቶ ተሰጠኝ ይላል እንጂ የምኑ ሰማንያ አምስት በመቶ እንደሆነ አያውቅም። ግልባጩን መጠየቅ ግን በወገን መካከል እንደ አለመተማመን ይቆጠራል፤ ጠያቂውም ይሉኝታ ይዞት ዝም ይላል። ይሉኝታ በዚህ ሥራ ውስጥ ስንት ዶላር እንደሚያስወጣ ቢጠና ጥሩ የመመረቂያ ጽሑፍ ይወጣው ነበር።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ሦስተኛው መንገድ ነው። ቅድሚያ ክፍያ የሌለውን፣ ብድር የማያገኘውን፣ ልምድ የሌለውን ሰው የሚጠራው «ኪራይ ግዥ» የሚባለው ውል ነው። ትልቅ የማጓጓዣ ድርጅት ወይም ተባባሪው መኪናውን ለአሽከርካሪው ያከራየዋል፤ አሽከርካሪው በየሳምንቱ ከገቢው እየተቀነሰበት ይከፍላል፣ በመጨረሻም የመኪናው ባለቤት ይሆናል ይባላል። እዚህ ላይ አንድ ወገን ሦስት ቆብ ደርቧል፦ አከራይ ነው፣ ጭነት ሰጪ ነው፣ ሒሳብ ቀናሽም ነው። ኪራዩ በሚከፈልበት ገቢ ላይ የሚወስነው ኪራዩን የሚቀበለው ነው። ነጂው ሥራውን ቢለቅ መኪናውንም እስከዚያ የከፈለውንም ትቶ ይሄዳል።

ይህ ውል ፍርድ ቤት ደርሶ ያውቃል። ዶሚኒክ ኦሊቬራ የተባለ አሽከርካሪ ኒው ፕራይም በተባለው ድርጅት ላይ ያቀረበው ክስ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በጥር 2019 ውሳኔ አግኝቷል። በክሱ እንደተገለጸው ኦሊቬራ በልምምድ ስም የመጀመሪያውን 10 ሺህ ማይል ያለ ክፍያ፣ ቀጣዩን 30 ሺህ ማይል ደግሞ በሰዓት 4 ዶላር ገደማ እየተከፈለው ነዳ። ከዚያም «ራስህን የቻልክ ተቋራጭ ብትሆን የበለጠ ታገኛለህ» ተብሎ በድርጅቱ መሪነት የራሱን ኩባንያ አቋቋመ፤ መኪናውንም ከድርጅቱ ጋር ግንኙነት ካለው አከራይ ወሰደ። ኪራዩ፣ ነዳጁና ሌላው ሁሉ ተቀናንሶ አንዳንድ ሳምንት የሚከፈለው ሳይኖር ባለዕዳ ሆኖ ይገኝ ነበር። ድርጅቱ ክርክሩ በግልግል ዳኝነት ይታይ አለ። በ1925 የወጣው የግልግል ሕግ ግን በክፍለ ግዛቶች መካከል በማጓጓዝ ሥራ የተሰማሩ ሠራተኞችን «የሥራ ውል» ከሕጉ ውጭ ያደርጋል። ጥያቄው ይህ ቃል ተቋራጭንም ያጠቃልላል ወይ የሚል ነበር። ዳኛ ጎርሰች የጻፉት፣ በጉዳዩ የተሰየሙት ስምንቱም ዳኞች የተስማሙበት ፍርድ ቃሉ በ1925 ሕጉ ሲወጣ የነበረውን ትርጉም መረመረ፤ በዚያ ዘመን «የሥራ ውል» ማለት ማናቸውም ሥራ ለመሥራት የሚገባ ስምምነት ነበርና ተቋራጩም ይጠቃለላል አለ። ፍርዱ ኦሊቬራ በእርግጥ ተቋራጭ ነው ወይስ ተቀጣሪ የሚለውን አልወሰነም፤ የፍርድ ቤቱን በር ነው የከፈተለት። የአሜሪካ ኮንግረስም በ2021 ባወጣው የመሠረተ ልማት ሕግ እነዚህን ውሎች የሚመረምር ግብረ ኃይል እንዲቋቋም አዘዘ። ግብረ ኃይሉ በ2025 መጀመሪያ ባቀረበው ሪፖርት አጓጓዡ ራሱ ሥራውን፣ ክፍያውንና ዕዳውን የሚቆጣጠርባቸው የኪራይ ግዥ ውሎች እንዲከለከሉ መከረ። ምክረ ሐሳብ ነው፤ ሕግ አይደለም።

አሁን ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። ቁጥሮቹን ለማስረጃ ያህል እኔው ያስቀመጥኋቸው ናቸው። አንድ ባለንብረት በሳምንት 2,500 ማይል ነዳ እንበል፤ ከዚህ 400 ማይሉ ጭነት ፍለጋ በባዶ የተሄደ ነው። ለተጫነው ማይል 2 ዶላር ቢያገኝ ገቢው 4,200 ዶላር ነው። በስልክ ለቤተሰብ የሚነገረው ቁጥር ይህ ነው። መኪናው በጋሎን 6.5 ማይል ቢሄድና ናፍጣ 4 ዶላር ቢሆን ነዳጁ 1,540 ዶላር ይበላል። የመኪና ክፍያ 600፣ መድን 350፣ የተሳቢ ኪራይ 200፣ ለጥገናና ለጎማ የሚቀመጥ 375፣ የመንገድ ክፍያና ልዩ ልዩ 100። ላኪው ወይም ደላላው የሚከፍለው ከ30 ቀን በኋላ ስለሆነ ደረሰኙን በቅናሽ ለሚገዛ ድርጅት 3 በመቶ፣ 126 ዶላር ይሰጣል። የተረፈው 909 ዶላር ነው። በሳምንት 60 ሰዓት ሠርቶ ከሆነ በሰዓት 15 ዶላር ገደማ መሆኑ ነው፤ ገና ግብር አልተከፈለበትም። ተቀጣሪ ሠራተኛ ለማኅበራዊ ዋስትናና ለሜዲኬር ግማሹን አሠሪው ይከፍልለታል፤ ባለንብረቱ ግን 15.3 በመቶውን ሙሉ በሙሉ ይሸከማል። የጤና መድኑንም ራሱ ይገዛል።

ከዚህ ሒሳብ ሁለት ነገር ልብ በሉልኝ። የማይሉ ዋጋ ከ2 ዶላር ወደ 1 ዶላር ከ80 ሳንቲም ቢወርድ፣ ዋጋው በአንድ አሥረኛ ሲቀንስ የእርሱ ትርፍ በግማሽ ሊጠጋ ይቀንሳል፤ የሚተርፈው 500 ዶላር ገደማ ነው። መኪናው ተበላሽቶ አንድ ሳምንት ጋራዥ ቢቆም ደግሞ የመኪናው፣ የመድኑና የተሳቢው ክፍያ አይቆምም፤ 1,150 ዶላር ያለ ገቢ ይወጣል። የጥገናውን ዋጋ ሳንቆጥር የአንድ ሙሉ ሳምንት ትርፍ ተበልቶ ዕዳ ተረፈ ማለት ነው። ተቀጣሪ አሽከርካሪ መኪናው ሲቆም ገቢው ይቀንሳል፤ ባለንብረቱ ግን ከኪሱ ያወጣል።

ጊዜውም ቢሆን የእርሱ አይደለም። በፌዴራል ደንብ አሽከርካሪው ከ10 ሰዓት ዕረፍት በኋላ ሥራ በጀመረ በ14 ሰዓት ውስጥ ከ11 ሰዓት በላይ መንዳት አይችልም፤ ከ2017 መጨረሻ ጀምሮም ይህን የሚመዘግበው ከሞተሩ ጋር የተያያዘ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ነው። ዕቃ ማራገፊያ በር ላይ አምስት ሰዓት ቢጠብቅ 14ቱ ሰዓት ይነጉዳል። የሚከፈለው በማይል ነውና የመጋዘኑ ቸልተኝነት ከእርሱ ቀን ላይ ይቆረጣል።

በዚህ ላይ የገበያው ማዕበል አለ። በወረርሽኙ ዘመን፣ በ2020 ማብቂያና በ2021፣ የአሜሪካ ሸማች ዕቃ በብዛት ሲገዛ የዕለት ጭነት ዋጋ ተተኮሰ። በዚያን ጊዜ የገባ ሰው ብዙ አገኘ፤ ወሬውም ተሰማ። ወሬውን የሰሙት ሲገቡ ያገለገለ መኪና ዋጋ እጅግ ንሮ ነበር። በሰኔ 2022 ናፍጣ በጋሎን 5 ዶላር ከ80 ሳንቲም ገደማ ደረሰ፤ የጭነቱ ዋጋ ግን በዚያው ዓመት ቁልቁል ጀመረ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ጥናት ተቋም ባወጣው ስሌት በ2023 አንድን ከባድ መኪና ለማንቀሳቀስ የነጂውን ደመወዝ ጨምሮ በማይል 2 ዶላር ከ27 ሳንቲም ይወጣ ነበር። በዕለት ገበያ ላይ በ2 ዶላር የሚጭነው አዲስ ባለንብረት ልዩነቱን ከራሱ ደመወዝ ይሸፍነዋል። ያ ወቅት ጀማሪዎችን ብቻ አልመታም፤ ዬሎ የተባለው አንጋፋ ድርጅት በነሐሴ 2023 ኪሳራ አስመዝግቧል። ጀማሪውን የሚለየው ግን ውድ መኪና በውድ ወለድ ገዝቶ ርካሽ ገበያ ላይ መድረሱ ነው።

የቋንቋን ነገር ሳላነሳ ባልፍ ለእኛ ሰዎች ጉዳዩ ጎዶሎ ይሆናል። አሽከርካሪው እንግሊዝኛ ማንበብና መናገር እንዲችል የሚጠይቀው ደንብ የቆየ ነው፤ ለዓመታት ግን በመንገድ ላይ ከሥራ አያሳግድም ነበር። ከሰኔ 25 ቀን 2025 ጀምሮ በመንገድ ፍተሻ ጊዜ ይህን ያላሟላ ነጂ እዚያው ከሥራ ይታገዳል። ተቀጣሪ ቢታገድ ድርጅቱ ሌላ ነጂ ይልካል። ባለንብረቱ ሲታገድ መኪናውም፣ ጭነቱም፣ ክፍያውም አብረው ይቆማሉ።

ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።

አንድ የምጣኔ ሀብት ተማሪ፦ እንዲህ ከሆነ ሰዎች ለምን ይገባሉ? አያሰሉም ማለት ነው?

ያሰላሉ። ሶሺዮሎጂስቱ ስቲቭ ቪሴሊ ራሳቸው አሽከርካሪ ሆነው ሠርተው በ2016 ባሳተሙት ጥናት ድርጅቶች ሠራተኛውን ወደ ተቋራጭነት እንዴት እንደሚያግባቡት አሳይተዋል፤ የቃሉ ማማር ራሱ የማግባቢያው ክፍል ነው። እኔ ከዚያ ላይ የምጨምረው አለ። ተቀጣሪውም ቢሆን የተመቸው አይደለም፤ ሳምንታት ከቤት ርቆ ይቆያል፣ አዛዡ በስልክ ያዝዘዋል። ዕቁብ ወጥቶለት መኪና የገዛ ሰው «ከእንግዲህ ማንም አያዘኝም» ሲል የተናገረው ስለ ገንዘብ ብቻ አይደለም። ደግሞም የሚሳካላቸው አሉ። እኔ ያየኋቸው የተሳካላቸው ሰዎች በአብዛኛው ሁለት ሦስት ዓመት ተቀጥረው የነዱ፣ መኪናውን ያለ ብዙ ዕዳ የገዙ፣ ከአንድ ላኪ ጋር ቋሚ ውል ያገኙ ናቸው። ወደ አራተኛው ነገር፣ ወደ ጭነቱ ደርሰዋል።

አንዲት የሕግ ተማሪ፦ ወንድሜ እዚያ ነው ያለው፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣ አምስት ወሩ ነው። ያለ ቅድሚያ ክፍያ ኪራይ ግዥ ቀርቦለታል፤ መልስ የሚሰጠው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ምን ልበለው?

ፈርም ወይም አትፈርም ለማለት ውሉን ማየት ይኖርብኛል። እስከዚያ ግን እንዲህ በይው። የውሉን ሙሉ ጽሑፍ ቀድሞ ይውሰድና ላንቺ ይላክልሽ፤ «ቢሮ መጥተህ ፈርም» ካሉት ያንኑ እንደ መልስ ይቁጠረው። ውሉን ስታነቢ ሥራውን በራሱ ፈቃድ ቢለቅ የከፈለው ገንዘብ ምን እንደሚሆን የሚናገረውን አንቀጽ ፈልጊ፤ መኪናውን ይዞ ወደ ሌላ አጓጓዥ መሄድ ይችል እንደሆነም እዚያው ታገኚዋለሽ። የመጨረሻው ክፍያ ስንት እንደሆነ በቁጥር መጻፉን እዪ። ከዚያ በዚያው ውል ከአንድ ዓመት በላይ የቆየ ነጂ ይፈልግና የአሥራ ሁለት ተከታታይ ሳምንት የክፍያ ወረቀቱን እንዲያሳየው ይለምነው። አንድ ሳምንት አይበቃም፤ ሁሉም ሰው አንድ ጥሩ ሳምንት አለው። አሥራ ሁለቱንም ደምሮ ለአሥራ ሁለት ያካፍልና አሁን ተቀጥሮ ከሚያገኘው ጋር ያስተያየው። እስከዚያ የተቀጠረበትን ሥራ አይልቀቅ፤ አንድ ዓመት ከሰባት ወር ቢቀጥል መንጃ ፈቃዱ ሁለት ዓመት ይሞላዋል፣ የመድኑም ዋጋ ያኔ ሌላ ይሆናል።